ትክክለኛው ስም የትኛው ነው?

እናቴ ሁለት ስም ነበራት። አባቷ ያወጡላት ጥሩወርቅ ነው። ገና በልጅነቷ ስትዳር አማቷ፣ ማለትም የአባቴ እናት፣ በአገሩ ወግ መሠረት ለአዲሷ ሙሽራ ስም ሲያወጡ "የሺመቤት" አሏት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በባሏ አገር ጥሩወርቅ የምትባል ሴት አልነበረችም፤ በአባቷ አገር ደግሞ የሺመቤት የምትባል ሴት ኖራ አታውቅም። እኛ ልጆቿ ያደግነው ሁለተኛውን ስም እየሰማን ነው። የመጀመሪያውን የምንሰማው በዓመት አንድ ጊዜ ሊጠይቋት ከሚመጡት አጎታችን አፍ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ሲሄዱ ስሙን ይዘውት ይሄዱ ነበር።

ያረፈች ዕለት አጎቴ "ጥሩዬ! ጥሩወርቅ እህቴ!" እያሉ እየጮኹ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ የዕድሩ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ሌላም የሞተ ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ።

ከወራት በኋላ ወራሽነታችንን ለማረጋገጥ ፍርድ ቤት ሄድን። የከተማው ቤት ካርታ በየሺመቤት ስም ነው። ከአባቷ የደረሳት የገጠር መሬት ደብተር ደግሞ በጥሩወርቅ ስም ነው። ወረቀቶቹን የምትቀበለው ወጣት ሠራተኛ አንዱን ከአንዱ አስተያይታ ቀና አለችና፣ "ጋሼ፣ ትክክለኛው ስም የትኛው ነው?" አለችኝ። "ሁለቱም" አልኳት። "ሁለቱም የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም" አለችኝ። ክፋት የለባትም፤ እውነቷን ነው። ሁለቱ ሴቶች አንድ ሰው መሆናቸውን የሚመሰክሩ ሰዎች ይዘን እንድንመጣ ተነገረንና ቀጠሮ ተሰጠን።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ስለምን እንዳሰብኩ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ስለ ባሕር እንስሳት ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ከማስተምራቸው ደራስያን አንዱ የባሕር እንስሳትንም ያጠና ሰው ነበርና፣ እሱን ስከተል የማያገባኝ ሙያ ውስጥ ገብቼ ቀርቻለሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕር ዳር ድንጋይ ላይ፣ በወደብ ምሰሶ ላይ ሣር የመሰለ ነገር ይበቅላል። ግንድ አለው፣ ቅርንጫፍ አለው፤ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጣት አይበልጥም። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ግን በየቅርንጫፉ ጫፍ አበባ መሳይ ነገር አለ፤ አበባው አፍ አለው፤ በአፉ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ክንዶች በአጠገባቸው የሚያልፈውን ደቃቅ እንስሳ ነድፈው ይይዙታል። ይህ ሣር መሳይ እንስሳ ሃይድሮይድ ይባላል፤ እያንዳንዷ አፍ ያላት "አበባ" ደግሞ ፖሊፕ ትባላለች። ጊዜው ሲደርስ ሃይድሮይዱ እምቡጥ ያወጣል። እምቡጡ ያብጥና ይከፈታል፤ ከዚያ ተገንጥሎ ይሄዳል። አሁን ሣር አይደለም፤ እንደ ብርጭቆ የምታሳልፍ፣ የደወል ቅርጽ ያላት፣ እየተኮማተረች የምትዋኝ ትንሽ ጄሊፊሽ ናት። ሊቃውንቱ ሜዱሳ ይሏታል። የወንድና የሴት ዘር የሚያፈሩት ሜዱሳዎቹ ናቸው፤ እንቁላሉ ሲፈለፈል ግን ደወል አይወጣውም፤ ከድንጋይ ላይ ይጣበቅና መልሶ ሣር ይሆናል።

የአባጨጓሬና የቢራቢሮ ነገር ነው እንዳትሉኝ። ቢራቢሮ የሚሆነው አባጨጓሬው ራሱ ነው፤ ቢራቢሮው ከበረረ አባጨጓሬ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ግን ሣሩ ድንጋዩ ላይ እንዳለ ነው፤ ደወሎቹን እየላከ ኑሮውን ይቀጥላል። እናትና ልጅ በአንድ ባሕር፣ በአንድ ዘመን፣ ምንም ሳይመሳሰሉ ይኖራሉ። ሁሉም ሃይድሮይድ እንዲህ ያደርጋል ማለት አይደለም፤ እምቡጡን ሳይለቅ እዚያው አስቀርቶ የሚያዘረዝር ብዙ ነው። የሚለቀው ግን ሊቃውንቱን ብዙ አሳስቷል።

ያሳሳታቸውም ከመጀመሪያው በሁለት ጎራ ስለቆሙ ነው። ሣሩን የሚሰበስበው በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋይ እየገለበጠ ይለቅምና እንደ ቅጠል አድርቆ ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ለንደን ውስጥ ጆን ኤሊስ የሚባል ነጋዴ በ1755 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህ ነገሮች አትክልት ሳይሆኑ እንስሳት ናቸው ብሎ የተከራከረው ከዚህ ጎራ ሆኖ ነው። ሜዱሳዋን የሚፈልገው ደግሞ ጀልባ ያለው፣ ቀጭን መረብ ከኋላው የሚጎትት ሰው ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1758 እንስሳትን ሁሉ ሁለት ሁለት ቃል ባለው የላቲን ስም ሲመዘግብ ሣር መሳዮቹን በአንድ ክፍል፣ ጄሊፊሾቹን በሌላ ክፍል አስቀመጣቸው። ጄሊፊሾቹን "ሜዱሳ" ያላቸው በግሪኮች ተረት ውስጥ ጸጉሯ እባብ በሆነው ሴት ስም ነው።

እዚህ ላይ የእኛም ስም ይገባበታል። የሊኔየስ ተማሪ የነበረው ፔር ፎርስኮል የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ አገር ከላከው የጉዞ ቡድን ጋር ቀይ ባሕር ደርሶ በ1763 የመን ውስጥ ሞተ። ማስታወሻዎቹን ከቡድኑ ብቻውን በሕይወት የተመለሰው ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ፎርስኮል ስም ካወጣላቸው ጄሊፊሾች አንዷ አንድሮሜዳ፣ አንዷ ደግሞ ሴፌያ ናት። በግሪኮች ተረት ሴፌውስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ አንድሮሜዳ ልጁ ናት። በ1810 ፔሮንና ለሱዌር የተባሉ ፈረንሳውያን ንግሥቲቱን ካሲዮፔያን ጨመሩበት። ስለዚህ በቀይ ባሕር ጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ የምትኖረው ጄሊፊሽ ሙሉ ስሟ ካሲዮፔያ አንድሮሜዳ ነው፤ የኢትዮጵያ ንግሥት ከነልጇ። ንግሥቲቱ በውበት ስለታበየች ልጅቱ ለባሕር አውሬ እንድትሰጥ ከአለት ጋር ታሰረች ይላል ተረቱ፤ ያዳናትም የሜዱሳን ራስ የቆረጠው ጀግና ነው። ማንም ሳያማክረን ቤተ መንግሥታችን ባሕር ገብቷል። እነዚህ ጄሊፊሾች ትልልቆቹ ናቸው፤ ለሃይድሮይዶቹ ልጆች ዘመድ ይሆኗቸዋል እንጂ አንድ ቤት አይደሉም። እነሱም ግን ድንጋይ ላይ የተጣበቀች የፖሊፕ እናት አለቻቸው፤ ፎርስኮል ይህን ሳያውቅ ሞተ።

አሁን ወደ ደራሲዬ ልምጣ። አዴልበርት ፎን ሻሚሶ የፈረንሳይ መኳንንት ልጅ ነው። በአብዮቱ ጊዜ ቤተሰቡ ተሰዶ በርሊን ገባ፤ እሱም በእናቱ ቋንቋ ሳይሆን በጀርመንኛ ጽፎ ታወቀ። በ1814 የወጣው "ፒተር ሽሌሚል" የተባለው ድርሰቱ ጥላውን በማይነጥፍ የወርቅ ከረጢት ለሰይጣን ስለሸጠ ሰው ይተርካል። ሰውየው ሀብታም ሆነ፤ ጥላ የሌለውን ሰው ግን ማን ይጠጋዋል? በመጨረሻ ባንድ እርምጃ አገር የሚያሻግር ጫማ ያገኝና ዓለምን እየዞረ ተክልና እንስሳ መመርመር ይጀምራል። ተማሪዎቼ ይህን አጨራረስ አይወዱትም ነበር። "ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?" ይሉኛል። ደራሲው ግን መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ሩሪክ በምትባል የሩሲያ መርከብ ተሳፍሮ እስከ 1818 ድረስ በተመራማሪነት ዓለምን ዞረ። ገጸ ባሕርዩን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው።

በዚህ ጉዞ ሳልፕ የሚባሉ የሚያሳልፍ ገላ ያላቸው የባሕር እንስሳትን አየ። ጄሊፊሽ አይደሉም፤ ጉዳዩ ግን ያው ነው። አንዱ ዓይነት ለብቻው ይዋኛል፣ ሌላው በሰንሰለት ተያይዞ ይዋኛል። ሻሚሶ ሁለቱ የተለያዩ እንስሳት አለመሆናቸውን በ1819 ጻፈ፦ ብቸኛው ሰንሰለቱን ይወልዳል፣ ሰንሰለቱ ብቸኛውን ይወልዳል፤ ልጅ እናቷን አትመስልም፣ አያቷን ትመስላለች። ብዙዎች አላመኑትም። የእኔ ግምት፣ ጥላውን ስለሸጠ ሰው የጻፈ ሰው አያቷን ብቻ ስለምትመስል ልጅ ሲያወራ ሰሚው "ደግሞ ጀመረው!" ሳይል አይቀርም።

ቀጥሎ የመጣው ሰው ሚካኤል ሳርስ የሚባል ኖርዌያዊ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው፣ በ1829፣ ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ሁለት አዳዲስ እንስሳት ለዓለም አስተዋወቀ። አንዱ ከድንጋይ የተጣበቀ ነው፤ ስኪፊስቶማ አለው። ሌላው የተደራረቡ ሳህኖች ይመስላል፤ ስትሮቢላ አለው። ከዚያ ቄስ ሆነና በምዕራብ ኖርዌይ ባሕር ዳር ደብር ተመደበ። ምእመናኑን እየጠበቀ እንስሳቱንም ሳይሰለች ይመለከት ጀመር። በ1830ዎቹ የደረሰበት ነገር ይህ ነው፦ ስኪፊስቶማው ውሎ አድሮ ራሱ ስትሮቢላ ይሆናል፤ ሳህኖቹ አንድ በአንድ ተላቀው ይዋኛሉ፤ እያንዳንዱ ሳህን አድጎ ዓሣ አስጋሪ ሁሉ የሚያውቀውን ተራ ጄሊፊሽ ይሆናል። ሦስት ስም፣ አንድ እንስሳ። ከሦስቱ ሁለቱን ያወጣው ሳርስ ነው፤ የሻራቸውም ራሱ ሳርስ ነው። ያወጣውን ስም በገዛ እጁ የሚሰርዝ ምሁር በእኔ ሙያ ብዙ አላየሁም።

የሃይድሮይዶቹም ጣጣ በሳርስ ላይ ደረሰ። በ1835 ለአንዲት ትንሽ ደወል ቱቡሎሳ የሚል ስም አወጣ። በዓመቱ ስዊድናዊው ስቬን ሎቬን አንድ ሣር መሳይ ገልጾ ለሳርስ ክብር ሲል ሳርሲ አለው። ኋላ ሲታወቅ ሣሩ የደወሏ እናት ነው! ሳርስ የልጅቷን ስም አወጣ፤ ሎቬን የሳርስን ስም ለእናቲቱ ሰጠ። ዛሬ እናትም ልጅም ሳርሲያ ቱቡሎሳ ይባላሉ።

በ1842 ዴንማርካዊው ስቴንስትሩፕ የሻሚሶንም የሳርስንም የሎቬንንም ግኝት ሰብስቦ ትውልድ በፈረቃ የሚለዋወጥበት የኑሮ ሥርዓት እንዳለ በመጽሐፍ አወጣ። እንግዲህ ነገሩ አለቀ ትላላችሁ። አላለቀም። ሣርና ደወል አንድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ሣር የየትኛዋ ደወል እናት እንደሆነ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። የእኛን ታሪክ የሚያነብ አንድ ባዕድ እናስብ። በ1840ዎቹ ቋራ ውስጥ ካሳ የሚባል ሽፍታ አለ፤ ከ1855 በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሠ ነገሥት አለ። ካልነገሩት ለሁለቱ ሁለት ምዕራፍ ይጽፍላቸዋል። ነግረውት ደግሞ "ካሳ የተባለ ሁሉ ሲነግሥ ቴዎድሮስ ይሆናል" ብሎ ከደመደመ ትግራይ ሲደርስ መንገዱ ይጠፋዋል፤ የትግራዩ ካሳ በ1872 ዘውድ የደፉት ዮሐንስ ተብለው ነው። በባሕሩም እንዲሁ ነው። የሚመሳሰሉ ሣሮች ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ደወሎች ይወልዳሉ፤ የሚመሳሰሉ ደወሎች ከማይመሳሰሉ ሣሮች ይወጣሉ። ማረጋገጫው አንድ ነው፦ ሣሩን በሳህን አስቀምጦ፣ እየመገቡ፣ ውኃውን እየለወጡ፣ እምቡጡ ሲገነጠል በዓይን ማየት። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እንስሳቱም ቶሎ ይሞታሉ።

ስለዚህ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን መወፈራቸውን ቀጠሉ። ሣሮቹን እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ሂንክስ በ1868፣ ሜዱሳዎቹን ጀርመናዊው ኤርነስት ሄክል በ1879 በትልልቅ መጽሐፍ አወጧቸው። የሄክል ነገር ልብ ይነካል። በየካቲት 1864፣ ሠላሳ ዓመት በሞላው ዕለት፣ ሚስቱ አና ሞተችበት። ሐዘኑን ይዞ ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ወደ ኒስ ሄደ። እዚያ ያያት አንዲት ሜዱሳ ክንዶቿ የአናን ወርቃማ ጸጉር አስታወሱትና ሚትሮኮማ አኔ ብሎ በሚስቱ ስም ጠራት። ሰውየው በሌላ ሥራው ብዙ የሚወቀስበት ነገር አለ፤ በዚህች ግን አልፈርድበትም። ስሙን የሰጠው ግን ለደወሏ ነው። ከድንጋይ ላይ ያለችውን፣ ጸጉርም ውበትም የሌላትን እናት አላሰባትም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የ1880ው የለንደን ክርክር ነው። በሬጀንት ፓርክ የሮያል ቦታኒክ ማኅበር መስታወት ቤት ውስጥ ከአማዞን የመጣ ትልቅ የውኃ አበባ የተተከለበት የሞቀ ውኃ ገንዳ ነበር። በሰኔ ወር የማኅበሩ ጸሐፊ ዊልያም ሶወርቢ ገንዳው ውስጥ ትንንሽ ጄሊፊሾች ሲዋኙ አየ። ጄሊፊሽ በጨው አልባ ውኃ! ናሙናው ለሊቃውንት ተላከ። ሬይ ላንኬስተር ለአግኚው ክብር ሲል ክራስፔዳኩስታ ሶወርቢ አላትና ሰኔ 17 ቀን "ኔቸር" በተባለው መጽሔት አወጣው። በዚያው ዕለት ጆርጅ አልማን በሊኔየስ ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆሞ ሊምኖኮዲየም ቪክቶሪያ ብሎ ሰየማት፤ የሱ በመጽሔት የወጣው በሳምንቱ ነው። አንዲት ሳንቲም የምታህል እንስሳ፣ አንድ ገንዳ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ስም። ላንኬስተር ቆየት ብሎ በጻፈው ጽሑፍ የአልማንን ሊምኖኮዲየም አስቀድሞ የራሱን በቅንፍ ማስገባቱ ይመሰገንለታል። ዘመን ሲቆጠር ግን የሳምንቱ ቀዳሚነት ፈረደና ዛሬ ላንኬስተር ባወጣላት ስም ትጠራለች።

ሁለቱም ታዲያ ስም ያወጡት ለልጅቷ ብቻ ነበር። እናቲቱን በ1884 ከዚያው ገንዳ ውስጥ፣ ከተክል ሥር ላይ ተጣብቃ፣ ቦርን የሚባል ተመራማሪ አገኛት፤ ክንድ እንኳን የሌላት፣ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ፍጥረት ናት። በዓመቱ ኤድዋርድ ፖትስ የሚባል አሜሪካዊ ፊላደልፊያ አጠገብ ካለ ወንዝ ተመሳሳይዋን ለቅሞ ማይክሮሃይድራ ራይደሪ አላት። እሱ የያዘው እናቲቱን ነው፤ ደወል ስትለቅ እስኪያያት ድረስ ዓመታት አለፉ። የአሜሪካዋ እናትና የለንደኗ ልጅ አንድ ዘር መሆናቸው ተጣርቶ ሦስተኛው ስም እስኪወድቅ ድረስ ደግሞ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ተጉዟል። አገሯ ለንደንም፣ አማዞንም፣ ፊላደልፊያም አልነበረም፤ ቻይና ውስጥ የያንግትዜ ወንዝ ተፋሰስ ነው ተብሎ ይታመናል።

በእኛም አህጉር ግማሽን አይቶ መናገር ትልቅ ወሬ ፈጥሯል። ጀርመናዊው በም በ1883 ታንጋኒካ ሐይቅ ውስጥ ጄሊፊሽ አየ፤ በ1893 ሊምኖክኒዳ ታንጋኒኬ የሚል ስም ወጣላት። ሙር የሚባል እንግሊዛዊ፣ ጄሊፊሽ ካለ ሐይቁ የጥንት ባሕር ቅሬታ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ዘመተና በ1903 ወፍራም መጽሐፍ ጻፈ። ወዲያው ያችው ዓይነት ጄሊፊሽ ቪክቶሪያ ሐይቅና ኒጀር ወንዝ ውስጥ ተገኘች፤ እነሱን ደግሞ ባሕር ነበሩ የሚል አልተገኘም። የታንጋኒካዋን ፖሊፕ በ1950ዎቹ ያጠናው ቤልጅጋዊ ዣን ቡዮን ኋላ ሁለቱን መዝገቦች አንድ ለማድረግ ከደከሙት ዋነኛው ሆነ።

ማዋሃዱ ቀስ በቀስ ነው የመጣው። በ1930ዎቹ እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ላይ ራስልና ሪስ የሚባሉ ሰዎች ከሜዱሳ እንቁላል ጀምረው ሣሩን በሳህን ማሳደግ ያዙ። ሆኖም በ1961 እንኳን ዴንማርካዊው ክራምፕ የዓለምን ሜዱሳዎች ሁሉ ሲመዘግብ መጽሐፉ የሜዱሳ ብቻ ነበር። ጣሊያናዊው ፈርዲናንዶ ቦዌሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያገኘውን አንድ ዝርያ ሣሩንም ደወሉንም ራሱ አሳድጎ በ1987 ከነሙሉ ሕይወቱ ስም አወጣለት፤ ፊያሌላ ዛፓይ። በሮክ ሙዚቀኛው በፍራንክ ዛፓ ስም ነው። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ዛፓን በአካል መተዋወቅ ፈልጎ ነው። ተዋወቀውም። በ1988 ጄኖቫ ላይ ዛፓ ባቀረበው ኮንሰርት የቦዌሮ ስም በዘፈን ውስጥ ተጠራ። እኛ አገር ባለሥልጣን ለመተዋወቅ ስንቱ ምን እንደሚሠራ ስለማውቅ ይሄኛው መንገድ ንጹሕ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሁለት ስም አንድ እንስሳ ላይ ሲገናኝ የሚፈርደው ሕግ አጭር ነው፦ ቀድሞ የታተመው ያሸንፋል። ቀዳሚው ስም ለሣሩም የወጣ ቢሆን፣ ለደወሏም የወጣ ቢሆን ለውጥ የለውም። ቆንጆው ግማሽ የቱ ነው፣ የታወቀው የቱ ነው፣ አይባልም። ተሸናፊውም ስም አይፋቅም። ከአሸናፊው ሥር፣ ማን እንዳወጣውና በስንት ዓመት እንዳወጣው ተጽፎ ይቀመጣል።

ይህ ደንብ ምን ያህል እንደሚጠቅም "የማትሞተዋ ጄሊፊሽ" ትናገራለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጣሊያን ውስጥ የታየች ትንሽ ሜዱሳ ናት። ስትጎዳ፣ ስትራብ ወይም ስታረጅ ትወርድና ትጨማደዳለች፤ ሟሙታ ትንሽ ጓል ትሆንና ከዚያ ጓል ሣር ሆና ትበቅላለች። ቢራቢሮ ተመልሶ አባጨጓሬ ሆነ እንደማለት ነው። በ1992 እና በ1996 የወጡት ጽሑፎች ቱሪቶፕሲስ ኑትሪኩላ ብለዋታል፤ በ1857 አሜሪካ ውስጥ ለሌላ ዘመዷ የወጣ ስም ነው። በ2004 ሹኸርት የሚባል ተመራማሪ መዝገቡን አገላብጦ የሜዲትራኒያኗ ሌላ መሆኗን አሳየና የተረሳ ስሟን አነሳላት፤ ዶርኒ። ስሙን በ1883 ያወጣው አውጉስት ቫይስማን ነው፤ ያወጣውም ለሣሩ ነበር። ይኸው ቫይስማን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ፍጡር ለምን እንደሚሞት የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳትሟል። ሞትን የምታመልጠዋን እንስሳ እናት በማጉያ መነጽር እያየ ስም አውጥቶላት እንደነበር አላወቀም።

የቀጠሯችን ቀን ሦስት ምስክር ይዘን ቀረብን። የአባቴ ወገን የሆኑ አሮጊት የሺመቤትን አሳምረው ያውቃሉ፤ ጥሩወርቅን ግን አያውቁም። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ጥሩወርቅን ያውቃሉ፤ ከተዳረች በኋላ አላዩዋትም። ዳኛው ሁለቱን ሰሙና ብዕራቸውን አስቀመጡ። አንዷ አንዷን፣ ሌላዋ ሌላዋን ብቻ የምታውቅ ከሆነ ምን ተመሰከረ? ቀጥለው አጎቴ ተጠሩ። ሰማንያ አልፈዋል፤ ወንበር ተሰጣቸው።

"ሟችን እንዴት ያውቋቸዋል?"

"እህቴ ናት።"

"ስሟ ማን ነው?"

"ጥሩወርቅ። እኔ ነኝ በሠርጓ ያደረስኳት። ሚዜዎቹ እንዳሉ አማቷ ወጡና የሺመቤት ብያታለሁ አሉ። አጠገቧ ቆሜ ነበር። አለቀሰች።"

ማልቀሷን እኔ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ውሳኔው ወጣ፦ በሁለቱ ስሞች የተጠሩት ሟች አንድ ሰው ናቸው። ወጣቷ ሠራተኛ ቅጹ ላይ የካርታውን ስም ከላይ ሞላችና ከሥሩ "በጥሩወርቅ ስምም የሚታወቁት" ብላ በእጇ ጨመረችበት። ቦታ ስላልነበረው መስመሩን ተሻግሮ ኅዳጉ ላይ ወጥቷል።

የቀረው የመቃብሩ ድንጋይ ነበር። እህቴ ሁላችንም የምናውቀው ስም ይበቃል አለች፤ አጎቴ ግን ምንም አላሉም። ጠራቢው ዘንድ ሄጄ ሁለቱንም ጻፍልኝ አልኩት።

"ጋሼ፣ የማስከፍለው በፊደል ነው" አለኝ።

ቆጠርናቸው። አምስት አምስት ናቸው።